ጋምላ ስታንን ያለ አስጎብኚ በእግር መዞር፦ ሰው ከማይሄድበት በኩል

ስቶክሆልም እንግዳ ሲመጣ የት ይወሰዳል? አሮጌው ከተማ፣ ጋምላ ስታን ነዋ። ችግሩ አብዛኛው ሰው እዚያ ሄዶ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። ከሜትሮው ይወጣል፣ ሕዝቡ በጎረፈበት ይጎርፋል፣ ቬስተርሎንግጋታን የሚባለውን ረጅም መንገድ ይዞ ማግኔት፣ ቲሸርትና ቀንዳም የቫይኪንግ ቆብ እያየ ይሄዳል፣ አይስክሬም ይልሳል፣ በሌላኛው ጫፍ ብቅ ይላል። ከዚያ "አሮጌውን ከተማ አየሁት" ይላል። ያየው ሱቅ ነው።

ከዚሁ መንገድ አንድ ሕንጻ ብቻ ወደ ላይ ገባ ብትሉ ሰው እምብዛም የማያልፍበት ሌላ ጎዳና ታገኛላችሁ። ይኼ መመሪያ በዚያ በኩል ነው የሚወስዳችሁ። አስጎብኚ አያስፈልግም፣ ትኬትም ቢሆን የግድ የሚባል የለም። ጠቅላላው መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ግን ግማሽ ቀን ስጡት። ሩጫ የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ።

ከቤት ሳትወጡ

ጫማ። ይኼን ቀልድ አታድርጉት። መሬቱ በሙሉ ኮብልስቶን ነው፣ ያውም አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ እንደተነጠፈው እኩል የተጠረበ ሳይሆን በዘመናት ጎማና ኮቴ የተላጨ፣ እዚህ ጎበጥ እዚያ ሰርጎድ ያለ። ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ክረምት ላይማ በረዶ ይጋገርበታል። ሶሉ የሚይዝ ስኒከር ወይም ቦት አድርጉ። ለፎቶ ሲባል ሂል ጫማ ያደረገች ሴት ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ባሏን ስትደገፍ ታገኟታላችሁ።

ገንዘብ። ስዊድን ውስጥ ካርድ ይዛችሁ ከሆነ በቂ ነው። ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም የሚል ወረቀት የለጠፈ ካፌ ብዙ ነው። ሜትሮው ላይም ካርዱን መግቢያው ላይ ማስነካት ብቻ ነው፣ አንዴ የከፈላችሁት 75 ደቂቃ ያገለግላል። ውኃ አትግዙ። የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ነው፣ ጠርሙስ ይዛችሁ ካፌ ስትገቡ ሙሉልኝ በሉ።

ካርታ። ስልካችሁ ላይ የስቶክሆልምን ካርታ ኦፍላይን አውርዱና ከታች የምጠራቸውን ቦታዎች ቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ጂፒኤስ ይምታታል፣ ነጥቧ አንዴ ከአንዱ ቤት ጣሪያ ላይ አንዴ ከሌላው ላይ ትዘላለች። አትደናገጡ። ደሴት ስለሆነ መጥፋት አይቻልም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ውኃ ታገኛላችሁ፣ ወደ ላይ ስትወጡ ዋናውን አደባባይ።

ሰዓት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ከተማው የእናንተ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ቱሪስት በባንዲራ ተመርቶ ይገባል። በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ስለማትጠልቅ ከእራት በኋላም መሄድ ይቻላል፣ እንዲያውም ብርሃኑ ያኔ ነው የሚያምረው። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ያኔ ምሳ ሳትበሉ ጀምሩ። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ ነው። ስዊድኖች 9 ሲሉ የእኛ 3 መሆኑን እንግዳችሁ እንዳይረሳው።)

መሬቱን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ ከያዛችሁ ቀሪው ጉዞ ይገባችኋል። ከተማው በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1252 ነው፣ መሥራቹ ቢርየር ያርል ይባላል። ያኔ በግንብ የታጠረው ጉብታው ላይ ያለው ክፍል ብቻ ነበር። ቬስተርሎንግጋታን በምዕራብ፣ ኧስተርሎንግጋታን በምሥራቅ፣ ሁለቱም ከግንቡ ውጪ በባሕሩ ዳር የሚሄዱ መንገዶች ነበሩ። አሁን ከሁለቱም መንገድ ወዲያ ያለው ሠፈር ሁሉ ድሮ ውኃ ነበር። ግማሹን ሰው ሞላው። ግማሹን ደግሞ መሬቱ ራሱ ከፍ ከፍ እያለ ሰጠ፤ በበረዶ ዘመን የተጫነው ክብደት ከተነሳለት ወዲህ የስዊድን መሬት እስካሁን እየተነሳ ነው፣ ስቶክሆልም አካባቢ በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር ገደማ።

ስለዚህ መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ወደ አሮጌው እየሄዳችሁ ነው። ሜዳ ሲሆን ወደ አዲሱ። ይኼን መፈተን ከፈለጋችሁ ኧስተርሎንግጋታን ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ተመልከቱ፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ የመርከብ ጭነት የሚወጣባቸው ነበሩ።

ሌላ ሁለት ነገር ደግሞ ዓይናችሁን አስለምዱ። አንደኛው፣ ግድግዳ ላይ ከውጭ የተጣበቁ የሚመስሉ ጥቁር ብረቶች። የወለሉን እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚይዙ ናቸው። ጫፋቸው የተጠማዘዘና ያጌጠ ከሆነ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከ1700 በፊት የተሠራ ነው፣ ቀጥ ያለ ተራ ዘንግ ከሆነ ከዚያ ወዲህ። ሁለተኛው፣ ከበር በላይ ያለች ወርቃማ ወፍ፣ ከእሳት ውስጥ ክንፏን ዘርግታ የምትነሳ። ፊኒክስ ናት። ቤቱ የእሳት መድን ገብቷል ማለት ነው፤ የመድን ድርጅቱ በ1746 የተቋቋመ ሲሆን አሁንም አለ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወፏን ቀድሞ ላየ ቡለ (ጣፋጭ ዳቦ) እገዛለሁ በሏቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደከመኝ አይሉም።

1. ከሜትሮው ወደ ያርንቶርየት

በቀዩ ወይም በአረንጓዴው መስመር ጋምላ ስታን ጣቢያ ውረዱ። ወደ አሮጌው ከተማ በሚያወጣው በር ስትወጡ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ይሄዳል። እናንተ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ውኃውን በቀኝ አድርጋችሁ ኮርንሃምንስቶርየት የሚባለውን ሰፊ አደባባይ ስታልፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ያርንቶርየት ይመጣል። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ያርንቶርየት የብረት ገበያ ነበር። የስዊድን ሀብት ብረት ነበርና እዚህ እየተመዘነ ወደ አውሮፓ ይጫን ነበር። አንደኛው ጎን ላይ ያለው ሰፊ የጣሊያን ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንጻ የመንግሥት ባንኩ የድሮ ቤት ነው። የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ በ1668 ነው የተመሠረተው፤ በዓለም ላይ እስካሁን ከሚሠሩት ማዕከላዊ ባንኮች አንጋፋው እሱ ነው። ግድግዳው ያን ያህል ወፍራም የሆነው ለምን እንደሆነ ገመቱ፤ ዘመኑ ሳንቲም እንደ ጣውላ ከባድ መዳብ የነበረበት ነው።

ከአደባባዩ ጥግ በኧስተርሎንግጋታን ቁጥር 51 ላይ ዴን ጉልዴነ ፍሬደን የሚባል ምግብ ቤት አለ። በ1722 ነው የተከፈተው፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከሩሲያ ጋር በተፈረመው ሰላም ስም። ሊፈርስ ሲል ሠዓሊው አንዴሽ ሶርን ገዝቶ ለስዊድን አካዳሚ ሰጠው። የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የሚመርጡት አባላት ሐሙስ ሐሙስ እራታቸውን እዚህ ይበላሉ። ዋጋው ለእኛ ኪስ አይደለም፣ በመስኮት አይታችሁ እለፉ።

2. ሞርተን ትሮትሲግስ ግሬንድ

ከያርንቶርየት በቬስተርሎንግጋታን ትንሽ ወደ ሰሜን ግቡ። ያልኩትን መንገድ ነው፣ አዎ፣ ግን ለአንድ ደቂቃ ብቻ። በቀኝ በኩል ቁጥር 81ን ስታገኙ ቁሙ። በሁለት ግድግዳ መካከል ደረጃ ይወጣል። ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶ የሚነሳ ሰው ቆሞ ሲያይ ነው እዚህ መንገድ እንዳለ የሚያውቀው።

የከተማው ጠባብ መንገድ ይኼ ነው። በጣም በጠበበበት 90 ሴንቲ ሜትር ነው። 36 ደረጃ አለው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ጎኑን ሰጥቶ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት፤ ሻንጣ የያዘ ቱሪስት ካጋጠማችሁ ተመልሳችሁ ውረዱለት። ስሙን ያገኘው ከጀርመን መጥቶ ብረትና መዳብ ሲነግድ እዚህ ቤት ከነበረው ነጋዴ ነው። ሰውየው በ1617 ለንግድ ወጥቶ መንገድ ላይ ተገደለ። መተላለፊያው በ19ኛው መቶ ዘመን ታጥሮ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነበር፣ የተከፈተው በ1945 ነው።

ወጣ ብላችሁ ወደ ታች ዙሩና እዩ። ግድግዳዎቹ ቀጥ አይደሉም። አንደኛው ወደ ሌላው ዘንበል ብሏል።

ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ደረጃውን አታስወጡት። በቬስተርሎንግጋታን ይቀጥልና ቲስካ ብሪንከን ላይ ወደ ቀኝ ሽቅቡን ይውጣ፣ እዚያ ትገናኛላችሁ።

3. ፕሬስትጋታን፦ ዋናው ነገር

ከደረጃው በላይ ወደ ግራ ስትታጠፉ ፕሬስትጋታን ላይ ናችሁ። ለዚህ መንገድ ስል ነው ይኼን ሁሉ የምጽፈው። ከቬስተርሎንግጋታን ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ በመካከላቸው የአንድ ቤት ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ ግን የታችኛው ጫጫታ እዚህ አይደርስም። ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። የቤቶቹ ቀለም የሰናፍጭ ቢጫ፣ የዛገ ብረት ቀይ፣ የገረጣ ብርቱካን። ሰዎች ይኖሩባቸዋል፤ መስኮት ላይ አበባ፣ በር ላይ ብስክሌት ታያላችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ቪዲዮ ኮል አታድርጉ።

አሁን ይኼ ሁሉ ውድ ሆኖ አይታለላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ጋምላ ስታን የድሆች መንደር ነበር፣ የተጨናነቀና ያረጀ፣ አብዛኛውን አፍርሶ እንደ አዲስ የመሥራት ዕቅድም ቀርቦ ነበር። ሳይሆን ቀረ። ዛሬ እዚህ አንድ ክፍል ቤት ስንት እንደሚሸጥ ኢንተርኔት ላይ ብታዩ ትስቃላችሁ።

ቲስካ ብሪንከን የሚባለው ቁልቁለት ሲያቋርጣችሁ ወደ ቀኝ ለአፍታ ውጡ። የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ቲስካ ሽርካን እዚያ ነው። ማማው 96 ሜትር ስለሆነ ከየትም ታዩታላችሁ፣ ሥሩ ስትቆሙ ግን አንገት ያሳምማል። በመካከለኛው ዘመን ከተማውን የጀርመን ነጋዴዎች ይዘውት ነበር፣ እስከ 1471 ድረስ ከከተማው ምክር ቤት ግማሹ ጀርመኖች እንዲሆኑ ሕጉ ያዝ ነበር። በሩ ላይ በወርቅ ፊደል በጀርመንኛ የተጻፈው እግዚአብሔርን ፍሩ፣ ንጉሡን አክብሩ ነው የሚለው። የእኛ አገር ሰው የቅዱስ ጴጥሮስ መልእክት ቃል መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል።

ወደ ፕሬስትጋታን ተመለሱና ወደ ሰሜን ቀጥሉ። ኮክብሪንከን የሚባል ሌላ ቁልቁለት ጋ ስትደርሱ የቤቱን ጥግ፣ ከጉልበታችሁ ዝቅ ብሎ፣ ተመልከቱ። ግድግዳው ውስጥ እንደ ተራ ድንጋይ የተገነባ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ። የሩን ድንጋይ ነው (ሩን የድሮ የሰሜን አውሮፓ ፊደል ነው)፣ በ11ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የተቀረጸ፤ ማለትም ከተማው ራሱ ሳይቆረቆር በፊት። ቶርስተንና ፍረጉን የተባሉ ባልና ሚስት ለልጃቸው መታሰቢያ ያቆሙት ነው። ቤቱን የሠራው ሰው ግን ጥሩ ጠንካራ ድንጋይ አገኘሁ ብሎ ግንቡ ውስጥ ጨመረው። ፊቱ ላይ ደግሞ አሮጌ የመድፍ አፈሙዝ መሬት ውስጥ ተተክሏል። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የጋሪ ጎማ ሲታጠፍ ጥጉን እየገጨ እንዳያፈርሰው ነው። በየጥጉ እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ፣ ድንጋይም ብረትም። የዛሬውን የፓርኪንግ ብረት ምሰሶ ሥራ ነበር የሚሠራው።

4. ስቶርቶርየት

በኮክብሪንከን ወደ ቀኝ ሽቅብ ሁለት ደቂቃ። ፖስትካርዱ ላይ ያለው አደባባይ ይኼ ነው፣ ቀዩና ቢጫው ቤት ጎን ለጎን የቆሙበት። ፎቶውን ቶሎ አንሱና ጨርሱ።

ከዚያ ቀዩን ቤት፣ ቁጥር 20ን፣ በደንብ እዩት። ነጫጭ ድንጋዮች ተሰክተውበታል። እዚህ ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ ታሪክ እንዲህ ነው፦ የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 2ኛ ስዊድንን አስገብሮ በኅዳር 1520 ዘውድ ጫነ። ሦስት ቀን ግብዣ ሆነ። ግብዣው ሲያልቅ የቤተ መንግሥቱ በር ተዘጋ። ምሕረት ተደርጎላችኋል የተባሉት መኳንንት፣ ጳጳሳትና የከተማው ሹማምንት ተያዙ፣ በኅዳር 8 እና 9 በዚህ አደባባይ ላይ አንገታቸው ተቀላ። ቁጥራቸው ከ80 በላይ ነው። የስቶክሆልም የደም መታጠቢያ ይባላል። ነጫጮቹ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው የአንድ ሟች ራስ ናቸው ይባላል።

ግድያው እውነት ነው። የድንጋዩ ነገር ግን ተረት ነው፤ ቤቱ ያን መልክ ያገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ከስኮማካርጋታን ጥግ በላይ ግድግዳ ውስጥ የተቀረቀረችውም የመድፍ ጥይት እንዲሁ በዚያው ንጉሥ ላይ የተተኮሰች ነች ይባላል። እሷንም በፈገግታ ስሙ። ከተገደሉት አንዱ የጉስታቭ ቫሳ አባት ነበር። ልጁ ሸፍቶ ዴኖችን አባረረ፣ በሰኔ 6 ቀን 1523 ንጉሥ ሆነ። ዛሬ ስዊድን ሰኔ 6ን ብሔራዊ ቀን ብላ የምታከብረው ለዚህ ነው።

በሰሜን በኩል ያለው ትልቅ ሕንጻ የድሮው የአክሲዮን ገበያ ነው፣ ታችኛው ወለሉ የኖቤል ሙዚየም ነው። ግቡ አልልም፣ አትግቡም አልልም። ትንሽ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጥሩ መጠለያ ነው። ካፌው ውስጥ ከተቀመጣችሁ ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩ፣ ተሸላሚዎቹ ሲመጡ ከወንበሩ ሥር ይፈርማሉ። የሰላሙ ሽልማት የሚሰጠው ግን ኦስሎ ነው፣ እንግዶች ሁሌ ይጠይቃሉ።

እዚህ አደባባይ ላይ ፊካ (የቡና ዕረፍት) አታድርጉ። ውድ ነው፣ ተራው ረጅም ነው። ሁለት መንገድ ገባ ብላችሁ ቡናና ካኔልቡለ ያገኛችሁበት ቦታ ተቀመጡ። በታኅሣሥ ግን የገና ገበያው ሲኖር ትኩሱን ግሎግ (ቅመም የገባበት ወይን) እዚሁ ቆማችሁ ጠጡ፤ አልኮል የሌለበትም አለ።

5. ጊዮርጊስ፣ የመጀመሪያው

ከስቶርቶርየት በስተ ምሥራቅ የሚወጣው ሸፕማንጋታን ነው፣ በጽሑፍ ስማቸው ከተገኙት የከተማው መንገዶች አንጋፋው፣ ከ1323 ጀምሮ። ጫፉ ላይ መሬቱ በድንገት ይወርዳል፤ የግንቡ ዳር እዚህ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ በፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፉን ያነሳ ሰው ታያላችሁ፣ ከሥሩ ዘንዶ። ማን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም።

ይኼ የነሐስ ቅጂ ነው፣ በ1912 የቆመ። ዋናውን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን። አሁን ከበታቹ ወደ ኧስተርሎንግጋታን ውረዱና ወደ ግራ ታጠፉ። መንገዱ ስሎትስባከን ላይ፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያደርሳችኋል።

6. የብረቱ ልጅ

ቤተ መንግሥቱ ትልቅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደሱ ያያል። እናንተ ጀርባችሁን ስጡትና የፊንላንዶችን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ፣ ቢጫ ነው። በጎኑ በኩል ወደ ጓሮው ግቡ። ትንሽ ግቢ አለች፣ አግዳሚ ወንበርና ዛፍ ያለባት። እዚያ ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ሽቅብ የሚያይ ልጅ ተቀምጧል። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሊስ ኤሪክሶን ሥራ ነው፣ እዚህ የተቀመጠው በ1967 ነው። ጭንቅላቱ ሰው እየዳበሰው አብረቅርቋል። ሳንቲም ይተውለታል፣ ክረምት ላይ ሹራብና ቆብ ሠርተው የሚያለብሱት ሰዎች አሉ። ትንንሽ ልጆች ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይኼን ነው የሚያስታውሱት።

7. ቤተ መንግሥቱ

ከ600 በላይ ክፍል አለው። የድሮው ቤተ መንግሥት በግንቦት 1697 ተቃጠለ፣ የአሁኑ ተሠርቶ ንጉሣውያኑ የገቡት በ1754 ነው። ውስጡን ማየት ሌላ ቀን ይፈልጋል። በነፃ የሚታየው የክብር ዘበኛው ቅያሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን ከቀኑ 6፡15፣ እሑድ 7፡15 ላይ በምዕራቡ የውጭ ግቢ። በብርዱ ወራት በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ዌብሳይታቸውን እዩ። ቦታ ለመያዝ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ፈረስ ያለበት ቀን ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

8. ስቶርሽርካን፦ ከከፈላችሁ እዚህ ክፈሉ

በመንገዱ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ትኬት መግዛት ካለባችሁ ይኼ ነው። ከውጭ ቢጫ ልስን የተቀባ ተራ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ውስጡ ቀይ ሸክላ ነው፣ ዓምዶቹ ወደ ላይ ይዘልቃሉ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጫማ ማውለቅ የለም፣ ባርኔጣ ግን አውልቁ። የአሁኗ አልጋ ወራሽ ቪክቶሪያ በ2010 ያገባችው እዚህ ነው።

በግራ በኩል ያለውን የእንጨት ጊዮርጊስ ፈልጉ። ከሉቤክ የመጣው በርንት ኖትከ የሠራው ሲሆን በ1489 የዓመቱ መጨረሻ ቀን ተመረቀ። ትልቅ ነው፣ ከምታስቡት በላይ። ፈረሱ በሁለት እግሩ ቆሟል። ዘንዶውን ቀረብ ብላችሁ እዩ፦ ገላው የተሸራረፈ እንጨት፣ ራሱ ላይ የበቀለው ግን እውነተኛ የኤልክ ቀንድ ነው። ሠሪው አስፈሪ ነገር ለማድረግ የጫካውን ትልቁን እንስሳ ቀንድ አምጥቶ ሰካበት።

ልጅቷን ደግሞ አትዝለሏት። እኛ ዛፍ ላይ የምንስላት ብሩታዊት እዚህ ለብቻዋ በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን ለጸሎት አጋጥማለች፣ አጠገቧ በግ አለች። ያሠራው ስቴን ስቱረ የተባለው መሪ በ1471 ዴኖችን ብሩንከበሪ በሚባል ጉብታ ላይ ድል ከነሳ በኋላ ነው፣ ጦርነቱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለምኖ ነበርና። ዐድዋ ላይ የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር እንደወረደ እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። እንግዳችሁ እናት ወይም አባት ከሆኑ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ይሳለሙ፣ ይቀመጡ።

ሳትወጡ ደግሞ ሰማይ ላይ ብዙ ፀሐይና ክብ ብርሃን ያለበትን ሥዕል ተመልከቱ። በሚያዝያ 1535 በከተማው ላይ የታየውን የብርሃን ክስተት ነው የሚያሳየው፣ የስቶክሆልም ጥንታዊ ሥዕል ነው፤ ተሰቅሎ ያለው በ1636 የተገለበጠው ነው። ከተማዋ በያኔው መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደነበረች ታያላችሁ፣ ቅድም የወጣችሁበትን ጉብታም ትለዩታላችሁ።

9. ሪዳርሆልመን

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ስቶርሽርኮብሪንከን የሚባለውን ቁልቁለት ውረዱ፣ የመኳንንቱን ቤት ሪዳርሁሰትን እለፉ፣ ድልድዩን ተሻገሩ። ሪዳርሆልመን ሌላ ትንሽ ደሴት ናት። ከጋምላ ስታን ሁለት መቶ ሜትር ነው፣ ግን ሰው የለም። መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ስለሆነ ቅዳሜና እሑድማ ባዶ ነው።

ጥልፍ የመሰለ ጥቁር የብረት ጫፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን የነገሥታቱ መቃብር ነው። ጉስታቭ አዶልፍ 2ኛ፣ ካርል 12ኛ፣ ጭንብል ጭፈራ ላይ ተተኩሶበት በ1792 የሞተው ጉስታቭ 3ኛ፣ ሁሉም እዚህ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሱራፌል ኒሻን የተሸለሙ ሰዎች ዓርማ ሲሞቱ ይሰቀላል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ገና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳሉ በ1924 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስቶክሆልም መጥተው ይኼንኑ ኒሻን ተቀብለዋል። ስለዚህ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ግድግዳውን በዝግታ እዩ፣ ጠባቂውንም ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሙቀቱ ወራት ስለሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ዞራችሁ ወደ ውኃው ዳር ውረዱ። ማዶ የሚታየው ቀይ የሸክላ ሕንጻ፣ ማማው 106 ሜትር የሆነው፣ የከተማው አዳራሽ ነው፤ የኖቤል እራት በታኅሣሥ 10 እዚያ ነው የሚደረገው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የያዛችሁት ዳቦም ይሁን የቤት እንጀራ ፍርፍር በዕቃ፣ መብላት ክልክል አይደለም። የባሕር ወፎቹን ግን ጠብቁ፣ ከእጅ ይነጥቃሉ።

ለማሳጠር

ሜትሮው ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው፣ በመጣችሁበት ድልድይ ተመልሳችሁ ወደ ቀኝ።

የሕፃን ጋሪ ካላችሁ ደረጃውንና ሸፕማንጋታን ጫፍ ያለውን ቁልቁለት ተዉት፤ ከሜትሮው በቬስተርሎንግጋታን ወደ ሰሜን ሄዳችሁ በስቶርሽርኮብሪንከን ውጡ፣ 8ን እና 7ን አይታችሁ በ9 ጨርሱ። ትናንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ኮብልስቶኑ ላይ ልጁን ያንገጫግጨዋል፣ ማዘያ ያላችሁ አዝላችሁ ሂዱ።

ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ 2፣ 3፣ 4 እና 8ን ይያዝ። ሽንት ቤት ሲያስፈልግ ፊካ ያደረጋችሁበት ካፌ ውስጥ ሳትወጡ ተጠቀሙ፣ መንገድ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው።